ሜኑውን አማርኛ ያስተማሩት

ለመስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው ሊብሬኦፊስ የተባለውን የጽሕፈት ፕሮግራም በአማርኛ ቢከፍት፣ ከላይ «ፋይል»፣ «ማረሚያ»፣ «መመልከቻ»፣ «ማስገቢያ» ተደርድረው ያገኛል። እንግሊዝኛ ለማያነብ ጸሐፊ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ መግባቱ መንገዱን ጠረገ። የቀረው የበጎ ፈቃደኞች ድካም ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ አጫጭር ሐረጎችን አንድ በአንድ መተርጎም።

የተርጓሚዎቹ ብልሃት በትንንሽ ቃላት ላይ ይታያል። «አስቀምጥ» ቢባል ሴቷ ትቀራለች፤ «አስቀምጪ» ቢባል ወንዱ። «ያስቀምጡ» ደግሞ ለኮምፒውተር ትሕትናው ይበዛበታል! «ማስቀመጫ»፣ «ማተሚያ»፣ «መለጠፊያ» ሲባል ግን ማንም አይቀርም።

እርግጥ አንዳንዱ ቃል ዛሬም ይጎረብጣል። ትርጉሙ ባይኖር ግን ያ ጸሐፊ የሚሠራው ሌላ ሰው ባሳየው የምልክት ቦታ በሽምደዳ ብቻ ነበር፤ ምልክቱ ቦታ በቀየረ ቁጥርም እንደገና ሰው ፍለጋ ይወጣ ነበር።