ሄሌኒስቶቹ ከግሪክ አገር ነው የመጡት?

የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አጠገባችሁ ካለ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ግለጡት። ኢየሩሳሌም ውስጥ ማጉረምረም ተነስቷል። የአንደኛው ወገን መበለቶች በየዕለቱ ከሚታደለው እርዳታ እየተዘለሉ ነው። ቅር የተሰኙትን ሰዎች ተርጓሚዎቹ ከግሪክ አገር የመጡ አይሁድ አድርገዋቸዋል። ግሪክኛው ላይ ያለው ቃል ግን «ሄሌኒስታይ» ነው፤ ስለ አገር ምንም አይልም።

ቃሉ የተገኘው «ሄሌኒዜይን» ከሚለው ግስ ነው። ግሱ ግሪክኛ መናገር፣ ሰፋ ሲልም የግሪክን ወግ መያዝ ማለት ነው። የግሪክን ሰው ለመጥራት «ሄሌን» የሚባል ሌላ ቃል አለ። ዮሐንስ አፈወርቅ፣ ራሱ አፉን በግሪክኛ የፈታው ሰው፣ ከ1,600 ዓመት በፊት ገደማ ሰዎቹ እንዲህ የተባሉት ግሪክኛ ስለሚናገሩ ነው ብሎ አስረድቷል። በአማርኛው አካሄድ ከሄድንማ፣ ድንጋይ ላይ በግሪክኛ ያስጻፈው የአክሱሙ ኢዛናም ከግሪክ አገር የመጣ ሊሆን ነው!

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 9 ላይ ከእስጢፋኖስ ጋር የተከራከሩት አይሁድ ከየት እንደሆኑ ተጽፏል፦ ቀሬና፣ እስክንድርያ፣ ኪልቅያ፣ እስያ። በዛሬው ካርታ ሊቢያ፣ ግብፅና ቱርክ ማለት ነው። ታዲያ ግሪክ አገር የቱ ጋ አለ?

ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ግሪክኛው እዚያው ኢየሩሳሌም ውስጥ መኖሩ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ በከተማዋ በተካሄደ ቁፋሮ አስር መስመር የግሪክኛ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ተገኘ። ቴዎዶቶስ የሚባል ካህን ምኵራብ መሥራቱን ይናገራል፤ ሕጉ የሚነበብበት፣ ከሩቅ ለሚመጡም ማደሪያና ውሃ ያለው። አባቱም አያቱም የምኵራብ አለቆች ነበሩ። አብዛኞቹ ሊቃውንት ድንጋዩ ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. ከመፍረሱ በፊት የተጻፈ ነው ይላሉ። እንግዲህ ይሄ ካህን ግሪክኛ ስለጻፈ አይሁድነቱ ጎደለ እንዴ?

እርግጥ ነው፣ ነገሩ ያስቆጣቸው አይሁድም ነበሩ። በግሪክኛው ሁለተኛ መቃብያን (የእኛው መጽሐፈ መቃብያን ሌላ ነው፣ እንዳታምታቱት) ጸሐፊው ሊቀ ካህኑ ኢያሶን በኢየሩሳሌም ጂምናዚየም ከፈተ፣ ካህናቱም መሠዊያውን ትተው ወደ ጨዋታው ሮጡ እያለ ይንገበገባል። «ሄሌኒስሞስ» የሚለው ቃል የግሪክን ባህል መከተል በሚል ትርጉም መጀመሪያ የምናገኘው እዚህ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ሰውዬው ይህን ሁሉ የሚለው በተራቀቀ ግሪክኛ ነው፤ መጽሐፉም የቀሬናው ኢያሶን የተባለ አይሁዳዊ የጻፋቸው አምስት ቅጾች ጭማቂ ነው። እና ይሄን ሰው ከየትኛው ወገን እንመድበው?

በቃሉ የተቸገሩት የእኛ ተርጓሚዎች ብቻ አይደሉም። ፈረንሳዊው ሶሜዝ በ1643 «ሄሌኒስታዊ ቋንቋ» የሚባል ልዩ ቋንቋ አለ የሚሉትን ሊቃውንት ሲሞግት መጽሐፍ አሳትሟል። ጀርመናዊው ድሮይዘን ደግሞ ከ1836 ጀምሮ ቃሉን ከእስክንድር በኋላ ለመጣው ዘመን መጠሪያ አደረገው። ዛሬ የግሪክኛ ሊቅም ሄሌኒስት ይባላል። ቃሉ ከባድ መሆኑን አልክድም፤ በራሱ በግሪክኛም ብርቅ ነው። ቢሆንም «ግሪክኛ ተናጋሪ አይሁድ» ማለት ማንንም አያስቸግርም ነበር።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ተወልዶ እንግሊዝኛ የሚቀናውን የአበሻ ልጅ «ከእንግሊዝ አገር የመጣ» ብንለው ቤተሰቡ ውስጥ ያለውን ችግር ጨርሶ አናየውም። የመበለቶቹም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የአገሬውና የመጤ ጠብ ሳይሆን፣ በአንድ እምነት ውስጥ ቋንቋ ለሁለት የከፈላቸው ሰዎች ጉዳይ ነበር። ችግሩን እንዲፈቱ የተመረጡት ሰባቱ ሰዎች ስማቸው ሁሉ የግሪክ ነው፤ ከመካከላቸው አገሩ የተጠቀሰው ኒቆላዎስ ብቻ ሲሆን እሱም የአንጾኪያ ሰው ነው።

ምዕራፍ 9 ቁጥር 29 ላይ ያው አተረጓጎም ተደግሟል። እዚያ ከእነዚህ «ከግሪክ አገር የመጡ» አይሁድ ጋር የሚከራከረው፣ ኪልቅያ ውስጥ ጠርሴስ የተወለደው፣ መልእክቶቹን በግሪክኛ የጻፈው ጳውሎስ ነው።