የቆመ ቮልስ ከሥሩ እንዳይዝግ

ቆሞ የሚውል መኪና የሚዝገው ከማይታየው ወገን ነው። ቀለሙ እንደ መስታወት የሚያበራ ቮልስ በክሪክ ተነስቶ ከሥሩ ሲታይ፣ ወለሉ እንደ ድርቆሽ ሊፈረፈር ይችላል። የመጨረሻው ቮልስ ሜክሲኮ ፑዌብላ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣው በ2003 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ዛሬ በጋራዥ የሚጠበቀው ሁሉ የቆየ ላሜራ ነው።

ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን አንድ ላይ ሲያገኙት ነው። ውሃው የግድ ዝናብ መሆን የለበትም። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 60 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ለዓይን የማይታይ ስስ የውሃ ሽፋን በብረቱ ላይ ያርፋል፤ ለዝገት ይህ ይበቃዋል። አየሩ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበቱም 70 በመቶ ከሆነ፣ ከ14 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ላሜራ ያልበዋል። የቆርቆሮ ጣሪያ ጠዋት ከውስጥ የሚያንጠባጥበው በዚሁ ምክንያት ነው።

አዲስ አበባ ለአሮጌ መኪና ደግ ከተማ ናት። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው እዚህ የለም፤ ባሕሩም ሩቅ ነው። ችግሩ ክረምቱና ጭቃው ነው። ፓራፋንጎ ውስጥ የተለጠፈ ዋልካ ውጪው ደርቆ ሲሰነጠቅ፣ ብረቱን የነካው ወገን ገና እርጥብ ነው። ስለዚህ መኪና ከመቆሙ በፊት የሚቀድመው ቅብ ሳይሆን እጥበት ነው። ጎማዎቹ ይወልቃሉ፣ ጭቃው በእንጨት ይፋቃል፣ ከሥሩ በውሃ ይታጠባል፣ የተደፈኑ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች በሽቦ ይከፈታሉ። ከዚያ ፀሐይ ባለበት ቀን ተነድቶ እስኪደርቅ ድረስ ወደ ጋራዥ አይገባም።

በቮልስ ላይ ቀድሞ የሚፈተሸው ከኋላ መቀመጫው ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከባትሪው የሚወጣው አሲድ ቀለሙን በልቶ ላሜራውን ያጋልጠዋል። ባትሪው ይወጣና ቦታው በውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ይታጠባል፤ መፍላቱ ሲያቆም አሲዱ አልቋል ማለት ነው። ቀጥሎ በበሮቹ ሥር የሚያልፉት የሙቀት መተላለፊያዎች አሉ። ዝግ ስለሆኑ ውስጣቸው አይታይም፤ በካቻቢቴ እጀታ ሲመቱ ግን ይናገራሉ። ደህናው ብረት ጥርት ብሎ ይጮሃል፣ የተበላው ድምፁ ይደፈናል። ምንጣፉም ከነሥሩ ይነሳል። የበሩ ጎማ ካፈሰሰ፣ ከላይ የደረቀ የሚመስለው ምንጣፍ ከሥሩ ውሃ አቁሮ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ ነው ቅብ የሚመጣው። የላላው ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይነሳል፣ አንቲራስት ይቀባል፣ በላዩ ሰም ወይም ከበግ ጠጉር የሚገኘው ላኖሊን ያለበት ለስላሳ ቅብ ይረጫል። ሬንጅ የመሰለው ወፍራም ጥቁር ቅብ ብዙ ወዳጅ አለው፤ ሲያረጅ ግን ይሰነጠቃል፣ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከኋላው ይታሰራል፣ ዝገቱም ተሸፍኖ ይሠራል። የተቃጠለ ዘይት መርጨትም የተለመደ ነው። ርካሽ ነው፣ ለጊዜው ውሃ ይከላከላል፤ ነገር ግን ከሞተር አሲድና ጥላሸት ይዞ የወጣ ዘይት ነው፣ የጎማ ቡሾችን ያላሽቃል፣ ፍሬን ውስጥ ከገባ ደግሞ አደጋ ነው። የሚሰበስበው አቧራም ውሃ ይይዛል።

የጋራዡ ወለል ሊሾ ቢሆንም እርጥበት ከመሬት ሊስብ ይችላል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላስቲክ ዳር ዳሩ በፕላስተር ተለጥፎ ያድራል፤ በማግስቱ ሲገለጥ ሥሩ ካላበው፣ ከመኪናው በታች ወፍራም ላስቲክ መነጠፍ አለበት። ላስቲክ ለወለል እንጂ ለመኪና ልብስነት አይሆንም፤ እርጥበቱን ያፍነዋል። አየር የሚያሳልፍ የጥጥ ልብስ ይሻላል። ነፋስ የሚገባበት፣ ጣሪያው የማያፈስ ከለላም ዙሪያውን ከታፈነ ጋራዥ ይበልጣል፤ ብዙ ባለመኪና ይህን ለማመን ይቸገራል።

የቀረው በየሳምንቱ ሞተር ለአምስት ደቂቃ አስነስቶ የማጥፋት ልማድ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይወጣዋል። ሞተሩ ሳይግል ከጠፋ፣ ያ እንፋሎት ማርሚታው ውስጥ ውሃ ሆኖ ይቀራል፤ ማርሚታውም ከውስጥ ወደ ውጪ ይበላል። ለግማሽ ሰዓት ያህል የማይነዳ መኪና ባይነሳ ይሻለዋል።