የኦክስፎርዱ ኧርልና የጓንት ሰፊው ልጅ

ከበደ ሚካኤል የተረጎሙትን «ሮሜዎና ዡልየት» ያነበበ፣ ወይም ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን «ኦቴሎ»ና «ሐምሌት» በመድረክ ያየ ሰው ዊልያም ሼክስፒር የሚለውን ስም ሲያገኝ «ለመሆኑ ይህን የጻፈው እውነት እሱ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። በእንግሊዝና በአሜሪካ ግን የሚጠይቁ ሞልተዋል። ጥቂት ቀውሶች ናቸው ብሎ ማለፍም አይቻልም። ማርክ ትዌይን ተጠራጥሯል፤ ሲግመንድ ፍሮይድም እስከ ዕድሜው ማብቂያ አላመነም። ፍሮይድ የሼክስፒርን አክሊል የደፋለት ሰው፣ የዛሬዎቹም ተጠራጣሪዎች አብዛኞቹ የሚደፉለት፣ ኤድዋርድ ደ ቪር የተባለው 17ኛው የኦክስፎርድ ኧርል ነው። በ2011 የወጣው የሮላንድ ኤመሪክ ፊልም «አኖኒመስ» ይህንኑ ወግ ለሲኒማ ተመልካች አድርሶታል። በፊልሙ ውስጥ ኧርሉ ሊቅ ነው፤ ሼክስፒር ደግሞ መጻፍ እንኳ የማይችል ሰካራም ተዋናይ።

በዚህ ክርክር ሁልጊዜ የሚመረመረው ሼክስፒር ነው። የት ተማረ? መጻሕፍቱ የት ገቡ? ኢጣሊያን መቼ አየ? የኧርሉን ማዕረግ ግን የሚመረምር ጥቂት ነው። ማዕረጉ ብቻውን ምስክር ሆኖ የቆመ ይመስል ሁሉም ጎንበስ ብሎ ያልፈዋል። እስቲ እኛ በእሱ በኩል እንግባ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኧርልነት እንደ እኛ አገር ራስነት ወይም ደጃዝማችነት አይደለም። በእኛ ዘንድ ማዕረግ በሹመት የሚገኝ ነበርና የራስ ልጅ ራስ ሆኖ አይወለድም። የእንግሊዙ ኧርል ሲሞት ግን ማዕረጉ ወደ በኩር ወንድ ልጁ፣ ከሌለውም በአባት ወገን ወደሚቀርበው ወንድ ዘመድ ይተላለፋል። ተቀባዩ ብልህ ይሁን ቂል፣ ሕፃን ይሁን ሽማግሌ፣ የሚጠይቅ የለም። ደ ቪሮች በዚህ መንገድ ከ1141 እስከ 1703 ድረስ 20 ኧርሎችን አከታትለዋል። በእንግሊዝ መኳንንት ዘንድ ይህን ያህል ዘመን በአንድ የወንድ ሐረግ የቆየ ማዕረግ እምብዛም የለም።

የማዕረጉ አጀማመር ግን እንዲህ የሚያኮራ አልነበረም። ዘመኑ እቴጌ ማቲልዳና የአጎቷ የአክስቷ ሳይባል ዘመድ ከዘመድ የተፋጀበት፣ እሷና ንጉሥ ስቲቨን በዙፋኑ የተናነቁበት ነው። ማቲልዳ ወገን ለማብዛት ማዕረግ ታድል ነበር። ኦብሪ ደ ቪር የተባለውን የኤሴክስ ባለ ርስት ለማባበል የካምብሪጅን ኧርልነት ሰጠችው፤ ያ ግዛት በስኮትላንድ ንጉሥ እጅ ከሆነ ግን ከሌሎች አራት አውራጃዎች አንዱን ይምረጥ አለችው። በዚህ ዓይነት ኦክስፎርድ ደረሰው። የቤተሰቡ ርስትና ምሽግ ግን ያለው እዚያው ኤሴክስ ውስጥ፣ ሄዲንግሃም ላይ ነው። የድንጋይ ግንቡ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ስለዚህ ከ500 ዓመት በላይ ያስከበረው ስም ከመነሻው በሁለተኛ ምርጫ የተገኘ፣ ባለቤቶቹ ከማይኖሩበት አገር የተቀዳ ስም ነበር።

ከተተኪዎቹ ሦስተኛው ኧርል ሮበርት በ1215 ንጉሥ ጆን ማግና ካርታን እንዲያከብር ለማስገደድ ከተመረጡት 25 ባላባቶች አንዱ በመሆኑ ይታወሳል። ብዙዎቹ የሚታወሱበት ነገር የላቸውም። ወለዱ፣ ዘመቱ፣ ሞቱ።

ዘጠነኛው ግን ለተውኔት የተፈጠረ ሰው ነበር። ስሙ እሱም ሮበርት ነው። ለወጣቱ ንጉሥ ለዳግማዊ ሪቻርድ ከሁሉ የተወደደ ባለሟል ሆነና ንጉሡ በማዕረግ ላይ ማዕረግ ደረበለት። በ1385 የደብሊን ማርኪስ አደረገው፤ በእንግሊዝ ከዚያ በፊት ማርኪስ የሚባል ማዕረግ አልነበረም። በዓመቱ ደግሞ የአየርላንድ መስፍን ተባለ። ሌሎቹ መኳንንት ይህን ሊታገሡ አልቻሉም። በታኅሣሥ 1387 ራድኮት ድልድይ ላይ ጦሩን ፈቱበትና ሸሽቶ ከአገር ወጣ። በ1392 በስደት ላይ እንዳለ ሉቨን አጠገብ በአደን ላይ ከርከሮ ገደለው ይባላል። ከሦስት ዓመት በኋላ አስከሬኑ ወደ ኤሴክስ ተመልሶ ሲቀበር ንጉሡ ሳጥኑን አስከፍቶ የወዳጁን ፊት ለመጨረሻ ጊዜ እንዳየና እጁን እንደዳሰሰ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ዋልሲንግሃም ጽፏል። ከመኳንንቱ ብዙዎቹ ለቀብሩ አልመጡም። ሼክስፒር የሪቻርድን ታሪክ ሲጽፍ የጀመረው ከዚህ በኋላ ካለው ዘመን ስለሆነ ይህ ሁሉ ከመድረክ ውጭ ቀርቷል።

ከዚያ የጽጌረዳዎቹ ጦርነት መጣ። ደ ቪሮች የላንካስተር ወገን ነበሩና 12ኛው ኧርል ከትልቁ ልጁ ጋር በ1462 ተሠየፈ። የተረፈው ልጅ፣ 13ኛው ኧርል ጆን፣ የቤተሰቡ እውነተኛ ጀግና ነው። በ1471 ባርኔት ላይ በፊቱ የነበረውን ጦር ድል አድርጎ ሲመለስ በጭጋጉ ምክንያት የገዛ ወገኖቹ ጠላት መስሏቸው በቀስት ተቀበሉት። የሱን የኮከብ ምልክት ከንጉሥ ኤድዋርድ የፀሐይ ምልክት ጋር አምታተውት ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ባሕር ላይ ዋለ፤ በ1473 የቅዱስ ሚካኤልን ደብር፣ በኮርንዎል ዳርቻ ያለችውን ድንጋያማ ደሴት፣ ያዘ፤ ተከቦ ተማረከ፤ ካሌ አጠገብ ዓመታት ታሰረ፤ በ1484 አመለጠ። በነሐሴ 1485 ቦስዎርዝ ላይ የሄንሪ ቱዶርን ግንባር ቀደም ጦር አዝዞ ሣልሳዊ ሪቻርድን ድል ያደረገው እሱ ነው። የቱዶሮችን ዙፋን ከተከሉት እጆች አንዱ የደ ቪር እጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህን ሰው አንባቢ ያስታውስልኝ።

እንግዲህ ወደ 17ኛው እንምጣ። ኤድዋርድ በ1550 ተወለደ፤ በ12 ዓመቱ አባቱ ሞተበትና በንግሥት ኤልሳቤጥ ዋና ሹም በዊልያም ሴስል ቤት አደገ። በ17 ዓመቱ በጎራዴ ልምምድ ላይ አንድ የወጥ ቤት ረዳት ወጋና ገደለ። የተሰየሙት ዳኞች «ሟቹ ራሱ በጎራዴው ላይ ሮጦ ገባ» ብለው ፈረዱ። ይህ ፍርድ ብቻውን ማዕረግ በዚያ ዘመን ምን ያደርግ እንደነበር ከብዙ መጻሕፍት የበለጠ ይናገራል። የሴስልን ልጅ አገባ፤ ኢጣሊያን ዞረ፤ ሲመለስ በባሕር ላይ ወንበዴዎች ዘረፉት፤ የአባቶቹን ርስት እየሸጠ በላ። ከ1586 ጀምሮ ንግሥቲቱ በዓመት 1000 ፓውንድ ትቆርጥለት ነበር። በ1604 ሞተ። ሐሜተኛው ጆን ኦብሪ ከብዙ ዘመን በኋላ እንደጻፈው፣ ኧርሉ ለንግሥቲቱ እጅ ሲነሣ ነፋስ አምልጦት በሐፍረት ሰባት ዓመት ከአገር ጠፋ፤ ሲመለስ ንግሥቲቱ ያን ነገር እንደረሳችው ነግራ አጽናናችው። ተረት ይመስለኛል፤ ግን ከወጥ ቤቱ ልጅ ይልቅ ይህ ተረት መታወሱ ያስገርማል።

ኤድዋርድ ሰነፍ አልነበረም። ግጥም ይጽፍ ነበር፤ የተዋንያን ቡድንም ነበረው። በእርግጠኝነት የሱ የሚባሉት ግጥሞች ግን ወደ 16 ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ የተከፋ አፍቃሪ እሮሮ ሲሆኑ ለዘመኑ የቤተ መንግሥት ወግ የማይከፉ፣ ከዚያም የማያልፉ ናቸው። በቀሩት ደብዳቤዎቹም ውስጥ ስለ ጥበብ የሚያወራው ጥቂት ነው፤ ብዙ ገጽ የፈጀው የኮርንዎልን ቆርቆሮ ንግድ ለብቻው እንዲፈቀድለት በመለመን ነው።

ይህን ሰው ሼክስፒር ያደረገው ጆን ቶማስ ሉኒ የተባለ የጌትስሄድ መምህር ነው፤ መጽሐፉ የወጣው በ1920 ነው። ስሙ ለእንግሊዝኛ ጆሮ «ቀውስ» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ተቀልዶበታል፤ ቀልድ ግን ማስረጃን አያፈርስም። የሉኒ ዘዴ ይህ ነው። ከተውኔቶቹ ተነሥቶ ደራሲው ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት ዝርዝር አወጣ፦ ከትልቅ ዘር የተወለደ፣ የላንካስተርን ወገን የሚያከብር፣ ኢጣሊያን የሚወድ፣ በጭልፊት የሚያድን፣ ለገንዘብ ግድ የሌለው። ቀጥሎ ዝርዝሩን ይዞ ሰው ፍለጋ ወጣና ኧርሉን አገኘ። ልብሱን አስቀድሞ ሰፍቶ ልኩ የሆነውን ሰው እንደመፈለግ ነው።

የኧርሉ ወገኖች የሚሉት ሁሉ ባዶ ነው አልልም። በ«ሐምሌት» ያለው ፖሎኒየስ ሴስልን ሊያስታውስ ይችላል፤ ሐምሌትንም የባሕር ወንበዴዎች ይይዙታል። በ1987 ዋሽንግተን ላይ በተደረገ የማስመሰል ችሎት ሦስት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ለስትራትፎርዱ ሰው ፈርደዋል፤ ሆኖም ከሦስቱ አንዱ ጆን ፖል ስቲቨንስ ቆይቶ ወደ ኧርሉ አዘንብሏል። ነገሩ የሚያባብል መሆኑን አልክድም። ዳሩ ግን ተውኔትን እንደ ግለ ታሪክ ማንበብ ከጀመርን የ«ማክቤዝ» ደራሲ የግድ ንጉሥ መግደል ሊኖርበት ነው።

ዋናው መሰናክል ቀን ነው። «ቴምፔስት» በ1609 ቤርሙዳ ላይ ስለተሰበረው መርከብ ከተጻፈው ወሬ እንደቀዳ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማማሉ። ሼክስፒር በ1613 ገደማ ከጆን ፍሌቸር ጋር አብሮ ጽፏል። ኧርሉ ያኔ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። «ረቂቅ ትቶ ሄዶ ነበር» ይባላል፤ ረቂቁን ግን ያየ የለም። ፍራንሲስ ሚርስ የተባለ ጸሐፊም በ1598 ምርጥ የኮሜዲ ደራሲዎችን ሲዘረዝር ኦክስፎርድንም ሼክስፒርንም በአንድ ዝርዝር ውስጥ እንደ ሁለት ሰዎች ጠርቷቸዋል። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ትንሽ የምትመስል ነገር ናት። በ1599 በታተመው «ሮሜዎና ዡልየት»ና በዓመቱ በታተመ አንድ ኮሜዲ ውስጥ የገጸ ባሕርዩ ስም በሚገባበት ቦታ የተዋናዩ የዊል ኬምፕ ስም ተጽፎ ይገኛል። ደራሲው ሲጽፍ ያየው የነበረው ያንን ቀልደኛ፣ የዕለት የሥራ ባልደረባውን ነው። ይህ ከመድረክ ጀርባ ውሎ የሚያድር ሰው ብዕር ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ወሬው ለምን አልሞተም? የስትራትፎርዱ ሰው አባት ጓንት ሰፊና ቆዳ አልፊ ስለነበረ ነው። በእኛም አገር «ፋቂ» ስድብ ሆኖ ኖሯልና ነገሩ አይሰወረንም። ጆን ሼክስፒር በ1568 የከተማው ሹም እስከመሆን የደረሰ ሰው ነበር፤ በከተማው ላቲን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነበረ። ያም ሆኖ ከቆዳ ሽታ መካከል «ሐምሌት» ይወጣል ብሎ ማመን የሚተናነቃቸው አሉ። ክሪስቶፈር ማርሎው የጫማ ሰሪ ልጅ ነው፤ ቤን ጆንሰንን ያሳደገው ግንበኛ እንጀራ አባት ነው። የነሱን ሥራ ለመሳፍንት የሚሰጥ ግን የለም። ለምን ቢባል፣ ያን ያህል አልገነኑማ! ጸሐፊው በገነነ ቁጥር አባት ይቀየርለታል። ይህ ስለ እንግሊዝ ብቻ የሚነገር ወሬ አይደለም፤ ከትንሽ ከተማ፣ መጽሐፍ ከሌለበት ቤት ወጥቶ ብዕር ያነሣ ማንኛውም ወጣት ላይ የሚፈረድ ፍርድ ነው።

ማዕረጉ ራሱ የወሰደው መንገድ ደግሞ ያስቃል። 20ኛው ኧርል በ1703 ወንድ ልጅ ሳይተካ ሞተና የደ ቪሮች ሐረግ ተቋረጠ። በ1711 የንግሥት አን ሚኒስትር ሮበርት ሃርሊ ስሙን አስነሥቶ «የኦክስፎርድ ኧርልና ኧርል ሞርቲመር» ተባለ። እሱና ልጁ የሰበሰቡትን የብራና ክምችት ፓርላማው በ1753 በ10,000 ፓውንድ ገዛው፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። በእኔ ግምት ማዕረጉ ለሥነ ጽሑፍ የዋለው ትልቁ ውለታ ይህ ነው። የሃርሊ ሐረግ በ1853 አለቀ። በ1925 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አስኩዊዝ «የኦክስፎርድና የአስኩዊዝ ኧርል» ተባለ፤ ይህ ማዕረግ እስካሁን በዘሮቹ እጅ ነው። አስኩዊዝ የዮርክሸር የሱፍ ነጋዴ ልጅ ነበር። ሉኒ ማዕረጉን ከሼክስፒር ጋር ካጋባ በአምስት ዓመቱ የኦክስፎርድ ኧርልነት በነጋዴ ልጅ ራስ ላይ አረፈ ማለት ነው።

አሁን ወደ 13ኛው ኧርል ልመለስ። ቦስዎርዝን ያሸነፈው ያ ሰው በ«ሣልሳዊ ሪቻርድ» መጨረሻ ላይ ብቅ ይላል። ጸሐፊው ደ ቪር ቢሆን ኖሮ ከዘሩ ሁሉ የከበረችውን ያችን ዕለት እንዴት ይጽፋት ነበር? አያቶቹን ለመቁጠር የማይታክተው ኤድዋርድ፣ ርስቱ ያለቀበትና ስም ብቻ የቀረው ኤድዋርድ፣ ምን ያህል ገጽ ይሰጣት ነበር? በ1623 በታተመው ጥራዝ ውስጥ የኦክስፎርድ ኧርል ወደ መድረክ ይገባል፣ የእያንዳንዱ ሰው ኅሊና በነፍሰ ገዳዩ ላይ እንደሚዘምት ይናገራል፣ ዝም ይላል። የተሰጠው ሁለት መስመር ነው።