ሲንቄ ያልደረሰላት ኡኩቴ

ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች የትኛው ይበልጣል ሲባል ክርክሩ ከሦስት አርእስት ብዙም አይወጣም። አንዱ «ሀሁ በስድስት ወር»ን ያነሣል፣ ሌላው «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት»ን፣ ሌላው «ቴዎድሮስ»ን። ዕድሜ ጠና ያሉት «የከርሞ ሰው»ን ይጨምሩበታል። በ1965 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የወጣውን «ኦዳ ኦክ ኦራክል»ን የሚጠራ ከተገኘም፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው ብሎ ወደ ዳር ያደርገዋል። እኔ ግን ከሁሉም የማስቀድመው ይህንኑ ነው፤ የማስቀድምበትም ምክንያት ሌሎቹ የሚገፉት በእንግሊዝኛ መጻፉ ነው።

ጸጋዬ በአማርኛ ሲጽፍ ቃል ይታዘዝለታል፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። «የጸጋዬ ቤት» የተባለው ስንኝ ስምንት ስምንት ቀለም እየመታ ሲወርድ ጆሮን ይይዛል፤ እንደ ወጋየሁ ንጋቱ ያለ ባለድምፅ ተዋናይ ሲገጥመው ደግሞ ተመልካች ታሪኩ መቆሙን እንኳ ልብ አይልም። በ«ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. እንደሚረሸኑ ከቤታችን አውቀን እንመጣለን። ስለዚህ የቀረን የአቡኑ ውስጥ ነው፤ ውስጣቸው ደግሞ ሁሉ በቃል ይወጣል። ድንቅ ግጥም ነው፤ ነገር ግን አቡኑን በቃል የሚመጥን፣ ሐሳባቸውን የሚያናጋ ሰው ከፊታቸው አልቆመም። አዳራሹ የሚያጨበጭበው ለስንኙ ነው፤ ለተውኔቱ ነው ለማለት እቸገራለሁ።

በ«ኦዳ» ውስጥ ይህ ምቾት የለም። ስንኞቹ አጫጭር ናቸው፤ ጸጋዬ ቋንቋው እንደልቡ ስላልሆነለት የሚለውን በድርጊት ለማለት ተገዷል። የኦዳው አዋቂ ሻንካ የተባለውን ሰው ኡኩቴን አግባ፣ የበኩር ልጅህንም ለሙታን አባቶች ሠዋ ይለዋል። ሻንካ ያገባታል፣ ግን አይነካትም፤ ያልተወለደ ልጅ አይታረድምና። የተውኔቱ ሞተር ይህ እንቢታ ነው፤ የሚታየውም አንድ ባል ከሚስቱ ርቆ በመቆሙ ብቻ ነው። ንግግር አያስፈልገውም። ኡኩቴ በተራዋ ከባዕዳን ዘንድ ሌላ እምነት ሰምቶ ወደ ተመለሰው የሻንካ ወዳጅ ወደ ጎአ ትሄዳለች፤ ታረግዛለችም። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ የሁለቱ ወዳጆች ፍልሚያ፣ የጎአ መሞት፣ የኡኩቴ በምጥ ማለፍ፣ ሻንካ ሴት ሕፃን ታቅፎ ከተቆጣ ሕዝብ ፊት መቅረቱ፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይመጣል። ከመካከሉ አንድ ክንውን ቢነሣ የሚቀጥለው አይኖርም። ይህን ስለ «ሀሁ በስድስት ወር» ማለት አይቻልም፤ እዚያ ግማሹን ንግግር ብትቆርጥ ታሪኩ ወደፊት ይራመዳል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ተውኔቱን ከአርሲዋ ጎበሳ ሆኖ የሚያነብ ሰው የሚያነሣበትን ጥያቄ ማለፍ አልችልም። በአርሲ ደጋ፣ በሽርካም በጭላሎም፣ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ ሲንቄ ትሰጣታለች፤ ቀጭን በትር ናት። ዛሬ ስሟ በባንክ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሁሉም ያውቃታል፤ ሥራዋን የሚያውቀው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። ባል በደል ሲፈጽም ሚስት ሲንቄዋን ይዛ እየጮኸች ትወጣለች። ጩኸቱን የሰማች ሴት ሁሉ ሊጥ የያዘችም ብትሆን ትታ፣ የራሷን ሲንቄ አንሥታ ትከተላታለች። ሽማግሌዎች ገብተው በዳዩ ይቅርታ ጠይቆ ከብት እስኪያርድ ድረስ ሴቶቹ ወደ ቤት አይመለሱም። ወላድማ የበለጠ የተከበረች ናት፤ ግንባሯ ላይ ቃነፋ አስራ ሳለች እጁን የሚያነሣባት ባል ከአገሩ ሴቶች ሁሉ ጋር ተጣላ ማለት ነው።

ኡኩቴ ከዚህ አንዱም የላትም። ባሏ ትዳሩን ሲነፍጋት የምትናገርበት ደጅ የለም፤ ስታረግዝ የሚፈርዱባት ሌሎች ናቸው፤ ስታምጥም ከጎኗ የሚቆም የሴቶች ማኅበር የለም። ተውኔቱ የጥቁር ሕዝቦች አፈ ታሪክ ነኝ አለ እንጂ የአርሲ ነኝ አላለም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሕዝብ ከጥላው ሥር የሚፈርድበትን የኦዳን ዛፍ የሚያህል ስም ወስዶ የጥላውን ፍርድ ለአንድ አዋቂና ለሽማግሌዎች ብቻ መስጠት ንፍገት ነው። ጸጋዬ ደግሞ አላውቅም የሚል ሰው አይደለም። አምቦ አጠገብ ቦዳ ተወልዶ ከኦሮሞ አባትና ከአማራ እናት ያደገ፣ የሁለቱንም ወግ ሲፈትሽ የኖረ ደራሲ ነው። ከጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ከብሬሽት የእናቲቱን ገጸ ባሕርይ ተውሶ «እናት ዓለም ጠኑ»ን ሲያዘጋጅ ጋሪዋን እየጎተተች ጦርነት የምታቋርጥ፣ የምትነግድ፣ የምትዋሽ፣ የምታለቅስ ሙሉ ሴት መድረክ ላይ አቁሟል። የተዋሳትን ሴት ያን ያህል ካበረታ የራሱን ሴት ለምን አሰነፋት?

መልሱ ከአሠራሩ የሚገኝ ይመስለኛል። ኡኩቴ ሲንቄ ቢኖራት ተውኔቱ ገና ሳይጋመስ ባለቀ ነበር። የአገሩ ሴቶች በማለዳ ወጥተው የሻንካን ደጅ ይከቡታል፣ አዋቂው ስለ በኩር ልጅ የተናገረው ቃል ከእናቶች ፊት ይመረመራል፣ ጎአም ፍልሚያ ሳይገባ ይቀራል። ጸጋዬ የፈለገው አሳዛኝ ፍጻሜ ሴቶቹን ከመንደሩ ካላስወጣ አይመጣለትም ነበር፤ አስወጣቸውም። የምወደው ጥብቅ አሠራር ዋጋው ይህ ነው። እንዲያም ሆኖ ምርጫዬን አልቀይርም፤ ከሌሎቹ ተውኔቶቹ መካከል ይህን ያህል የሚያናድደኝ የለም፣ ምክንያቱም በሌሎቹ ውስጥ አንድ ሰው ቢጎድል ልዩነቱ አይታወቅም።

አሰላ ላይ ወይም አዲስ አበባ ይህን ተውኔት በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ለመድረክ የሚያበቃ አዘጋጅ ቢነሣ ሲንቄ የያዙ ሴቶችን በግድ እንዳያስገባ እለምነዋለሁ፤ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ይልቅ በመጀመሪያው የሠርግ ትዕይንት ኡኩቴ ባዶ እጇን ትግባ። የአርሲ ተመልካች ምን እንደጎደላት ወዲያው ያውቃል።