ያበጠውን ሥር ሳይነኩ

አርጀንቲናዊው ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ ከእግር በተወሰደ ደም መልስ የተዘጋ የልብ ደም ቅዳን ማሻገር (ባይፓስ) ከጀመሩ ወዲህ የስንቱ ሰው ዕድሜ ተራዝሟል። የእግሩ ሥር ግን የተፈጠረው ለዝቅተኛ ግፊት ነው። ልብ ላይ ሲሰፋ በእያንዳንዱ ምት የደም ቅዳን ግፊት ይሸከማል። ግድግዳው ውስጥ ስብ ይጠራቀማል፤ አልፎ አልፎም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዓመት በኋላ፣ ሳስቶ እንደ ፊኛ ይነፋል። አኒዩሪዝም የምንለው ይህን ነው።

ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ለሌላ ጉዳይ በተነሣ የደረት ራጅ ላይ ጥላ ሆኖ ይገኛል። ዝም ማለቱ ግን አያዘናጋም። ሊፈነዳ፣ የቀኝ የልብ ክፍልን ሊጫን፣ ውስጡ የረጋውን ደም ወደ ልብ ጡንቻ ሊልክ ይችላል።

እኔ እንዲህ ያለውን እብጠት በቀዶ ሕክምና ሳክም የማምነው በቅደም ተከተል ነው። የታማሚው ደረት ከዚህ በፊት ተከፍቷል፤ እብጠቱ ከደረት አጥንት ሥር ተጣብቆ ከሆነ መጋዙ በቀጥታ ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ በሲቲ ስካኑ ላይ በአጥንቱና በእብጠቱ መካከል ያለውን ርቀት እለካለሁ። ከጠበበ፣ አጥንቱ ከመነካቱ በፊት በብሽሽት በኩል ያሉትን ሥሮች ከልብና ሳንባ ማሽን ጋር አገናኛለሁ። ደም ቢፈስ እንኳ አንጎል ደም አያጣም።

ደረቱ ከተከፈተም በኋላ እብጠቱን መጫን ክልክል ነው። ውስጡ የሚፈረፈር ስብና የረጋ ደም ስላለ አንዴ መጨመቅ ድንገተኛ የልብ ጡንቻ ሞትን ሊያመጣ ይችላል። ልብን የሚያቆመውንም ፈሳሽ በአሮጌው ሥር አልገፋም፤ የልብ ደም በሚመለስበት መንገድ ወደ ኋላ እሰጣለሁ። ልብ ሲቆም እብጠቱን ከፍቼ፣ ጠርጌ፣ ሁለቱንም አፎች ከውስጥ ሰፍቼ እዘጋለሁ። ያ ሥር ይመግበው የነበረው ጡንቻ በሕይወት ካለ አዲስ ማለፊያ ይሠራለታል።

ዳግመኛ መከፈትን ለማይችል ታማሚ በቀጭን ቱቦ የሚገባ የተሸፈነ ስቴንት (የሥር መደገፊያ ቱቦ) ወይም መድፈኛ አለ። እብጠቱ ትልቅ ሆኖ ጎረቤቱን ሲጫን ግን ቀዶ ሕክምናው ይመረጣል።

ባይፓስ ለተሠራላችሁ ሁሉ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ደረታችሁ ላይ ጥላ ከታየ ቀዶ ሕክምናችሁን ለሐኪሙ ንገሩ። ጥላው እንደ ዕጢ ተቆጥሮ በመርፌ ናሙና ከመወሰዱ በፊት ሥሮቹን የሚያሳይ ሲቲ ስካን ይቅደም።