«ቲቢ ያለበት አገር ኖራችኋል?» ለወለንጪቲ ልጅ የማይሠራ ጥያቄ

ኢንፍሊክሲማብ የሚባለው መድኃኒት ክሮንስንና አልሰሬቲቭ ኮላይተስን ለመሳሰሉ፣ አንጀትን እያስቆጡ ለሚያቆስሉ በሽታዎች ይሰጣል። አሜሪካ ውስጥ ለታካሚዎች የሚሰጠው መግለጫ ወረቀት፣ ሕክምናው ሳይጀመር ለሐኪም መነገር አለባቸው ከሚላቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፦ ቲቢ በብዛት ባለበት አገር መወለድ፣ መኖር ወይም መጓዝ።

ይሄ ከአንጀት ጋር ምን አገናኘው? ሰውነታችን የቲቢን ባክቴሪያ ሁልጊዜ አይገድለውም። ብዙ ጊዜ የመከላከያ ሴሎች ሳንባ ውስጥ ከብበው ያስሩታል። እስር ቤቱ ግራኑሎማ ይባላል፤ አጥሩን ከሚያጠብቁት አንዱ ቲኤንኤፍ የተባለ ፕሮቲን ነው። አንጀትን በማስቆጣት የሚሳተፈውም ይኸው ፕሮቲን ነው። መድኃኒቱ ቲኤንኤፍን ሲያግደው አንጀት ፋታ ያገኛል፤ እስረኛው ግን ሊያመልጥ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላ ቲቢ የያዛቸውን 70 ሰዎች መረመረ። አብዛኞቹ የመገጣጠሚያ ሕመምተኞች ነበሩ፤ ክሮንስ ያለባቸውም አሉበት። 48ቱ የታመሙት መድኃኒቱን ቢበዛ ሦስት ጊዜ ወስደው ነው። 64ቱ ሪፖርቶች የመጡት ደግሞ ቲቢ ብዙም ከሌለባቸው አገሮች ነው።

ትችቴ እዚህ ላይ ነው። እዚያ አገር ጥያቄው ሰውን ይለያል። እኛ ጋ ግን አይለይም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ካላቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ ወለንጪቲ ተወልዳ ያደገች ልጅ መልሷ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ቤት ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ያሳለ ሰው ነበር? ቲቢ ታክመሽ ታውቂያለሽ? መድኃኒቱንስ ጨርሰሻል?

ወረቀቱ የማይለቅ ሳል፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ የቲቢ ምልክት መሆናቸውን በትክክል ይናገራል። ግን አንጀቱን የታመመ ሰው ድሮም ይከሳል፣ ያተኩሰዋል። ሳል ብቻ መጠበቅም አያዋጣም፤ ከ70ዎቹ በ40ዎቹ ቲቢው የተገኘው ከሳንባ ውጭ ነው። ከዚህ የባሰው፣ የአንጀት ቲቢ ራሱ ክሮንስን መምሰሉ ነው፤ ሁለቱም ቀጭኑና ትልቁ አንጀት የሚገናኙበትን ቦታ ይወዳሉ። ቲቢውን ክሮንስ ብሎ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት መስጠት ለእሳቱ ቤንዚን ማቀበል ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን አትጣሉት፤ ግን እዚህ ላለ ሰው እንዳልተጻፈ አውቃችሁ አንብቡት። የቲቢ ምርመራው ከመድኃኒቱ ይቅደም። የጀመረ ሰው ደግሞ ፈርቶ በራሱ አያቋርጥ፤ ሐኪሙን ይጠይቅ።