የሩዝ ፍሬ የምታህል ፀሐይ

በቻይና ሄናን ግዛት፣ ዴንግፌንግ አጠገብ በምትገኘው ጋኦቼንግ አንድ የጡብ ግንብ ቆሟል። ከሩቅ ሲያዩት ምሽግ ይመስላል። ሲጠጉ ግን ሰሜናዊው ግድግዳ መሐሉ ላይ ከአናቱ እስከ ግርጌው ተሠርጉዶ ይታያል፤ ከሥሩም 31 ሜትር ገደማ የሚረዝም የድንጋይ መደብ መሬት ለመሬት ወደ ሰሜን ይዘረጋል። መደቡን ቻይናውያን «የሰማይ መለኪያ» ይሉታል።

የቻይና ገበሬ ወር የሚቆጥረው በጨረቃ ቢሆንም እርሻው የሚሄደው በፀሐይ ነው። ስለዚህ ቻይናውያን ዓመቱን 24 ቦታ ከፍለው ለእያንዳንዱ ስም አወጡለት፦ የነፍሳት መንቂያ፣ ነጭ ጤዛ፣ ትልቁ ብርድ። የሁሉም መነሻ ግን የቀትር ጥላ ከዓመቱ ሁሉ የሚረዝምበት አንድ ዕለት ነው። እሱ ከተሳተ 24ቱም አብረው ይስታሉ።

እ.ኤ.አ. በ1276 የቻይናው ገዥ ኩብላይ ካን አዲስ ዘመን መቁጠሪያ እንዲሠራ ሲያዝ፣ ሊቁ ጉዎ ሾውጂንግ 8 ጫማ የነበረውን የጥላ ምሰሶ በዚህ ግንብ በቻይና ጫማ 40 አደረሰው። ጥላው በረዘመ መጠን የልኬት ስሕተቱ ያንሳል። ችግሩ፣ ጥላ ሲረዝም ጫፉ ይደበዝዛል፤ የቱ ጋ እንዳለቀ ዓይን አይለይም።

መላው የተገኘው ከአንዲት ስስ የመዳብ ቅጠል ነው። መሐሏ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ተበስቷል። በመደቡ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ትንሸራተታለች፤ ፊቷም ወደ ፀሐይ ቀና ይላል። በቀዳዳዋ የሾለከው ብርሃን ድንጋዩ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ፀሐይ ይሥላል። ከላይ በሥርጉዱ መካከል የተጋደመው ዘንግ ጥላ እንደ ክር ቀጥኖ ያችን ፀሐይ እኩል ሲከፍላት፣ ልኩ እዚያ ላይ ይነበባል።

መደቡ የተገጠመው ከ36 ድንጋዮች ነው። በላዩ ጎን ለጎን ሁለት ቦዮች ተፈልፍለውበታል። ውኃ ሲሞላባቸው ድንጋዩ የትኛው ጋ እንዳዘነበለ ያሳብቃሉ።

በ1281 ሥራ ላይ የዋለው መቁጠሪያ ዓመቱን 365.2425 ቀን አደረገ። አውሮፓ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር እዚህ ልክ ላይ የደረሰችው ከ301 ዓመት በኋላ ነው። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 የምናደርግ እኛ ዓመቱን 365 ከሩብ እንቆጥራለን። ልዩነቱ በዓመት 11 ደቂቃ አይሞላም። ወደ ትክክለኛው ልክ ያን ያህል ለመቅረብ ግንቡም ድንጋዩም አስፈልገዋል፤ ያለዚያች የተበሳች መዳብ ግን ሁለቱም የሚያሳዩት ደብዛዛ ጥላ ብቻ ነበር።